ፈጥኖ ደራሹ ጦር ለምን ይዘገያል?

በአገራችን ገጠር እሪታ የተሰማ እንደ ሆነ ጎረቤት «የሚነደው ቤት የማን ነው? እሳቱንስ የጫረው ማን ነው?» እያለ አይመራመርም። በእጁ የገባለትን ይዞ ይሮጣል፤ ምርመራው እሳቱ ከጠፋ በኋላ በሽማግሌ ፊት ይደርሳል። በመንግሥታት መካከል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በመጀመሪያ ስብሰባ ይጠራል፤ ቀጥሎ የስብሰባው ቃል ይረቀቃል፤ ከዚያም ገንዘቡን ማን ይክፈል፣ ወታደሩን ማን ያጓጉዝ በሚለው ላይ ወራት ያልፋሉ። ጦሩ በመጨረሻ ሲደርስ የሚያገኘው ዐመድ ነው። አባቶቻችን «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚሉት ይኸንኑ ነው።

ጓደኞቼና መምህራኖቼ፤ በዚህች አጭር ጽሑፍ ለውይይት የማቀርበው ጉዳይ ልዩ ልዩ መንግሥታት በኅብረት ስለሚያቋቁሙት ፈጥኖ ደራሽ ጦር ነው። ነገሩ የጄኔራሎችና የአምባሳደሮች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው አሉ። እኔ ግን ከማንም ይልቅ እኛን ኢትዮጵያውያንን የሚመለከት ነው እላለሁ። ምክንያቱም ኢትዮጵያ በዚህ ነገር ሁለቱንም ወንበር ተቀምጣበታለች፤ እሪ ብላ የደረሰላት ያጣችም እርስዋ ናት፣ ሌላው እሪ ሲል ልጆችዋን የላከችም እርስዋ ናት።

ከሁሉ አስቀድሞ ፈጥኖ ደራሽ ጦር ስንል ምን ማለታችን ነው? ሐሳቡ ቀላል ነው። እያንዳንዱ አገር ከሠራዊቱ አንድ ክፍል ለይቶ በየራሱ ሰፈር ያስቀምጣል፤ ክፍሎቹ በአንድ ዓይነት ደንብ ይሠለጥናሉ፤ አንድ የጋራ መምሪያ ይኖራቸዋል፤ ችግር በተነሣ ጊዜ በወራት ሳይሆን በቀናት ውስጥ ተሰብስበው ይንቀሳቀሳሉ። የአፍሪቃ ኅብረት ባወጣው ዕቅድ መሠረት የዘር ማጥፋትን የመሰለ ታላቅ ግፍ ሲደርስ ጦሩ በ14 ቀን ውስጥ መድረስ ይገባዋል። በወረቀት ላይ የሰፈረው ይህ ነው። በሥራ ላይ የታየውን ግን ታሪክ ይንገረን።

የመንግሥታት ማኅበር ቃል ኪዳን 16ኛው አንቀጽ አንዱን አባል የወጋ ሁሉንም እንደ ወጋ ይቆጠራል ይል ነበር። ኢጣልያ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. መረብን ተሻግራ አገራችንን ስትወርር ግን በማኅበሩ እጅ አንድም ወታደር አልነበረም። ወራሪውን ይቀጣል የተባለው የንግድ ማዕቀብም ዋናውን ነገር፣ ነዳጅን፣ አልነካም። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው ሲናገሩ አዲስ አበባ ተይዛ ሁለት ወር ሊሞላት ምንም ያህል አልቀራትም። በሚቀጥለው ወር ያው ደካማ ማዕቀብም ተነሣ። ስለዚህ በዓለም ላይ «ለተጠቃው የሚደርስ የጋራ ጦር ያስፈልጋል» የሚለውን ክርክር ከሁሉ በፊት በደሙ የጻፈው የእኛ ሕዝብ ነው።

ይኸንን ክርክር በመጽሐፍ ሳይሆን በመሬቱ ላይ ለማየት የሚፈልግ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ይምጣ። የኢጣልያ ጦር በከተማና በምሽግ ውስጥ በነበረበት አምስት ዓመት የቢቸናን አገርና የዓባይን በረሃ ይዘው ጠላትን ዕረፍት የነሡት በላይ ዘለቀንና ሌሎችን የመሳሰሉ አርበኞች ነበሩ። የውጭው እርዳታ የደረሰው ኢጣልያ በ1932 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር ጦርነት ከገጠመች በኋላ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ድንበሩን ሲሻገሩ አብሯቸው የገባው በዊንጌት የሚመራው «የጌዴዎን ጦር» ከ2,000 የማይበልጥ ነበር። በውስጡም የሱዳን ወታደሮች፣ በስደት የነበሩ ኢትዮጵያውያን፣ የእንግሊዝ መኮንኖችና ጥቂት አውስትራሊያውያን ነበሩበት። ዛሬ «ሁለገብ ፈጥኖ ደራሽ ጦር» ከምንለው ነገር ጋር ይህን ያህል የሚቀራረብ በአገራችን ታሪክ ሌላ አይገኝም።

ያ ትንሽ ጦር በቁጥር እጅግ የሚበልጠውን ጠላት ከቡሬ እስከ ደብረ ማርቆስ እንዴት ገፋው? ስንቁን የተሸከሙት በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች አብዛኞቹ በደጋው ብርድና በገደሉ አልቀውበታል። ደብረ ማርቆስ ከተያዘ በኋላም የሱዳን ወታደሮች በረሃ የለመደ ገላቸውን ይዘው የጮቄን ብርድ ተሻግረው ነው ሞጣ የደረሱት፤ በሞጣ ምሽግ የነበረውም ጦር እጁን ሰጠ። መልሱ ግልጽ ነው። ጎዳናውን የሚያውቅ፣ ወሬ የሚያቀብል፣ እህል የሚሰጥ፣ የጠላትን መንገድ ሌሊት ሌሊት የሚቆርጥ ሕዝብ አስቀድሞ በስፍራው ስለ ነበረ ነው። የውጭው ጦር አርበኛውን አልተካም፤ አርበኛውን አገዘ እንጂ። ይህን የመጀመሪያ ትምህርት አድርጌ እይዘዋለሁ፤ በስፍራው ያለው ሕዝብ ያልተቀበለው ደራሽ፣ ፈጥኖም ቢመጣ፣ እንግዳ ሆኖ ይቀራል።

አሁን ደግሞ ኢትዮጵያ ደራሽ ወደ ሆነችበት ወንበር እንሻገር። የኮርያ ጦርነት የተነሣው በሰኔ 1942 ዓ.ም. ነው። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጣው ቃኘው ሻለቃ ከአዲስ አበባ የተነሣው በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም አሥር ወር ያህል ቆይቶ ማለት ነው። በዚያ ጦርነት 121 ኢትዮጵያውያን ሞቱ፤ 536 ቆሰሉ። ኮንጎ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። የጸጥታው ምክር ቤት ሐምሌ 7 ቀን 1952 ዓ.ም. ጦር እንዲላክ ወሰነ፤ በማግሥቱ የቱኒዝያ ወታደሮች ኪንሻሳ፣ ያን ጊዜ ሌዎፖልድቪል ትባል በነበረችው ከተማ፣ ደረሱ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥም ኢትዮጵያውያን ተከተሉ። በኋላም ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ የጦሩ ሁሉ አዛዥ ለመሆን በቁ።

እንግዲህ በፍጥነት መድረስ የማይቻል ነገር አይደለም። በኮንጎ የተቻለው ሦስት ነገሮች ስለ ተገናኙ ነው፤ የተዘጋጁ ሻለቆች ነበሩ፣ የሚያጓጉዛቸው የአሜሪካ አውሮፕላን ተገኘ፣ ታላላቆቹ መንግሥታትም ውሳኔውን በድምፅ አልሻሩትም። ነገር ግን ከዚያው ከኮንጎ መራራውንም መማር አለብን። ጦሩን የጠሩት ጠቅላይ ሚኒስትር ሉሙምባ፣ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች በአገራቸው ሞልተው ሳሉ፣ በጥር 1953 ዓ.ም. ተገደሉ። መድረስ አንድ ነገር ነው፤ ደርሶ ምን እንደሚደረግ የሚያዝዝ ትእዛዝ መኖሩ ደግሞ ሌላ ነው።

ከዚያ በኋላ በ1986 ዓ.ም. በሩዋንዳ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ጭፍጨፋው ሲጀመር በአገሩ 2,500 ያህል የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ነበሩ። የጸጥታው ምክር ቤት ሚያዝያ 13 ቀን ቁጥሩን እንዲጨምር ሲጠበቅ ወደ 270 ዝቅ እንዲል ወሰነ። ግንቦት 9 ቀን ደግሞ ሐሳቡን ለውጦ 5,500 ይላኩ አለ። በወረቀት የተላከው ጦር ግን በአካል ሳይደርስ ሳምንታት አለፉ። የእኛ ሻለቃ በክረምቱ መጨረሻ ሩዋንዳ ሲገባ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀው ነበር። ወታደሮቻችን ያገኙት የሚከላከሉለትን ሕዝብ ሳይሆን የሚቀበረውን ሕዝብ ነው።

ከሩዋንዳ ጸጸት በኋላ ዴንማርክ፣ ካናዳ፣ ሆላንድና ሌሎች አገሮች በ1996 እ.ኤ.አ. ለተባበሩት መንግሥታት የሚያገለግል አንድ ተጠባባቂ ብርጌድ ለማቋቋም ተስማሙ። ይህ ብርጌድ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማራው የት እንደ ሆነ ስንቶቻችን እናውቃለን? በእኛው ድንበር ላይ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ሰኔ 11 ቀን 1992 ዓ.ም. በአልጀርስ ተኩስ ለማቆም ከተስማሙ በኋላ 25 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለውን ጊዜያዊ የጸጥታ ቀጠና ለመጠበቅ የብርጌዱ ሰዎች በ1993 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ደረሱ። በደንቡ መሠረት ፈጣን ነበሩ። ነገር ግን ሁለቱ ወንድማማች ሕዝቦች ከግንቦት 1990 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ሲተላለቁ የደረሰ ማንም አልነበረም። ጥበቃውም ቢሆን የኖረው ባለጉዳዮቹ እስከ ፈቀዱ ድረስ ነው። በመጀመሪያ ሄሊኮፕተር እንዳይበር ተከለከለ፣ በመጨረሻም ነዳጅ ተከለከለ፤ በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ተልእኮው ተዘጋ። ብርጌዱም ራሱ በ2009 እ.ኤ.አ. ፈረሰ።

አብዬይን ልጨምር። ሰኔ 13 ቀን 2003 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥትና የደቡቡ ንቅናቄ በአዲስ አበባ ተስማሙ፤ በሳምንቱ ሰኔ 20 የጸጥታው ምክር ቤት እስከ 4,200 የሚደርስ ጦር ፈቀደ፤ በሐምሌ ወር ኢትዮጵያውያን ወታደሮች በስፍራው ነበሩ። በዘመናችን ከታዩት ሁሉ ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው። ነገር ግን ሐምሌ 26 ቀን ወታደሮቻችን ፈንጂ ላይ ወጡ፤ አራቱ ሞቱ። የተባበሩት መንግሥታት ባለሥልጣን እንደ ተናገሩት ከአራቱ ሦስቱ የሞቱት የቆሰሉትን የሚያነሣ ሄሊኮፕተር እንዳይበር የካርቱም መንግሥት ስለ ከለከለ ነው። እንግዲህ ፈጥኖ የደረሰ ወታደር ቁስለኛውን ለማንሣት የሌላ ሰው ፈቃድ የሚጠብቅ ከሆነ ፍጥነቱ ለማን ጠቀመ?

አሁን ወደ ራሳችን ቤት፣ ወደ አፍሪቃ ኅብረት፣ እንመለስ። የኅብረቱ መተዳደሪያ 4ኛው አንቀጽ የጦር ወንጀል፣ የዘር ማጥፋትና በሰብአዊነት ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሲደርስ ኅብረቱ በአባል አገር ጣልቃ የመግባት መብት አለው ይላል። እንዲህ ያለ ጠንካራ ቃል የአውሮፓም ማኅበር፣ የተባበሩት መንግሥታትም ቻርተር የላቸውም። ቃሉን በሥራ ለማዋል አምስት የየአካባቢው ተጠባባቂ ኃይሎች እንዲቋቋሙ ታሰበ። የእኛው የምሥራቅ አፍሪቃ ተጠባባቂ ኃይል ኢትዮጵያን፣ ኬንያን፣ ሩዋንዳን፣ ኡጋንዳን፣ ሱዳንን፣ ቡሩንዲንና ሌሎችን ጨምሮ አሥር አገሮችን ያቀፈ ሲሆን፣ በ2007 ዓ.ም. «ዝግጁ ነኝ» ብሎ አስታወቀ።

ፈተናው የመጣው በዓመቱ ነው። በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም. የኅብረቱ የሰላምና የጸጥታ ምክር ቤት 5,000 ወታደሮች ወደ ቡሩንዲ እንዲሄዱ ወሰነ፤ የቡሩንዲ መንግሥት በ96 ሰዓት ውስጥ እንዲቀበልም ጠየቀ። የቡሩንዲው ፕሬዚዳንት የሚመጣውን ጦር እንደ ወራሪ እንወጋዋለን አሉ። በጥር ወር መሪዎቹ አዲስ አበባ ላይ ሲሰበሰቡ ውሳኔውን ወደ ጎን አደረጉት። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ የኢጋድ አራት አገሮች በአዲስ አበባ ተሰብስበው ይኸው ተጠባባቂ ኃይል በሱዳን ሲቪሉን ሕዝብ ለመጠበቅ ይሰማራ ዘንድ እንዲመከርበት ጠየቁ። የሱዳን መንግሥት እምቢ አለ፤ ነገሩ በዚያው ቀረ። ኤል ፋሸር ከአንድ ዓመት በላይ ተከብባ ቆይታ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. ስትያዝና ሕዝብዋ ሲታረድ ዝግጁ ነኝ ያለው ኃይል በየሰፈሩ ተቀምጦ ነበር።

ይህ የአፍሪቃ ድክመት ብቻ ነው የሚል ካለ ወደ አውሮፓ ይመልከት። የአውሮፓ ኅብረት እያንዳንዳቸው 1,500 ያህል ሰው የሚይዙ የጦር ቡድኖችን ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተራ ሲያዘጋጅ ኖሯል፤ ገንዘብም፣ አውሮፕላንም፣ መንገድም አላቸው። ነገር ግን አንዱንም ቡድን ለእውነተኛ ጦርነት ወይም ለእውነተኛ ጥበቃ ልኮ አያውቅም። እንግዲህ የጎደለው ጠመንጃ ብቻ አይደለም። የጎደለው ውሳኔ ነው።

በዚህ ነጥብ ላይ ከጓደኞቼ ጋር ስከራከር ሦስት ተቃውሞዎች አጋጥመውኛል፤ ሦስቱም ክብደት አላቸው።

አንደኛው፣ «የጋራ ጦር የሚባለው ኃይለኞች በደካሞች ቤት የሚገቡበት በር ነው» የሚለው ነው። ፍርሃቱ መሠረት አለው፤ የኮንጎ ታሪክም ይደግፈዋል። ነገር ግን በሩን የሚዘጋው የጋራ ጦር አለመኖሩ አይደለም። የጋራ ጦር በሌለበት ጊዜ ኃይለኛው ብቻውን ይገባል። ደንብ ያለው፣ የጎረቤት አገሮች በእኩልነት የሚመክሩበት ጦር ከማንም ብቸኛ ጣልቃ ገብ ይሻላል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ለእኔ ለምሥራቅ ጎጃም ልጅ የሚከብደኝ ነው፤ «የራሳችን ቤት እየነደደ የሰው ቤት እናጥፋ ትላለህን?» ይላሉ። በሰሜን ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ የሚል ሰው የለም፤ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት የቆየውን እልቂት ያየነው እኛው ነን። በአማራ ክልል በ2015 ክረምት በተነሣው ውጊያም የቢቸናና የሞጣ አገር ገበሬ፣ ተማሪና ነጋዴ ያየውን መከራ ከዚህ ግቢ ውስጥ የማያውቅ ጥቂት ነው። ለዚህ መልሴ እንዲህ ነው። ጥቃት የደረሰበት ሕዝብ ደንቡ ለሌላው ሲሠራ ማየት ብቻ ሳይሆን ለራሱም እንዲሠራ የመጠየቅ መብት አለው። ይህ ማለት የውጭ ጦር ጮቄ ላይ ይስፈር ማለቴ አይደለም። ደራሽ ከጦር በፊት ሌላም መልክ አለው፤ አስታራቂ ሽማግሌና የሁለቱንም ወገን ሥራ የሚያይ ታዛቢ ማለት ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ በአፍሪቃ ኅብረት ሸንጎ ሥር ስምምነት ተፈርሞ ጥቂት አፍሪቃውያን መኮንኖች ለታዛቢነት መቀሌ ሲገቡ ማንም ሉዓላዊነታችን ፈረሰ አላለም። ያ ሽምግልና ከሁለት ዓመት በፊት ቢመጣ ኖሮ ስንት ሰው ይተርፍ ነበር? ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ይህ ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ የእናቶች ነው። «የሚሞተው የማን ልጅ ነው?» ይላል። እውነት ነው፤ ወደ ሶማሊያም፣ ወደ ዳርፉርም፣ ወደ አብዬይም የሄደው የሚኒስትር ልጅ ሳይሆን የገበሬ ልጅ ነው። ኢትዮጵያ አንድ ጊዜ ከ8,000 በላይ ሰው ለተባበሩት መንግሥታት አሰልፋ ከዓለም አንደኛ ነበረች። ይህ ክብር ነው። ነገር ግን የኮርያን ሙታን 121 ብለን እንቆጥራለን፤ በሶማሊያ የወደቁትን ግን ቁጥራቸውን እንኳ ለሕዝብ የነገረን የለም። ልጁ የት እንደ ወደቀ ያልተነገረው አባት ስለ ዓለም ሰላም ሊሰበክለት አይገባም። አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ተጠባባቂው ጦር ይቅር ሳይሆን እውነተኛ ይሁን የሚል ነው። እውነተኛ እንዲሆንም አራት ነገር ያስፈልገዋል።

አንደኛ፣ የውሳኔ ቀጠሮ። በጸጥታ ምክር ቤቱ ደንብ መሠረት ባለጉዳዩ አገር በራሱ ጉዳይ ላይ ከውይይቱ ይወጣል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የጣልቃ ገብነት የመጨረሻ ሥልጣን የመሪዎች ጉባኤ ነው፤ ጉባኤው ደግሞ ቀጠሮ የለውም። ምክር ቤቱ ካሳሰበ በኋላ መሪዎቹ በሰባት ቀን ውስጥ «አዎን» ወይም «አይሆንም» ብለው ከነስማቸው እንዲመልሱ ግዴታ ይሁን። ዝም ብሎ ማሳለፍ የማይቻል ከሆነ እፍረት ራሱ አንድ ኃይል ነው።

ሁለተኛ፣ መጓጓዣ። ከሞጣ ወደ ዓባይ ማዶ በሚያሻግረው ሰባራ ድልድይ ሰዎች ለብዙ ዓመታት በገመድ እየተሳቡ ሲሻገሩ ኖረዋል፤ እንደዚያ የተሻገረ ሁሉ ወዳጅ በቅርብ መኖሩና ወዳጅ መድረሱ ልዩ ልዩ መሆናቸውን ያውቃል። የአፍሪቃ ጦርም ዛሬ እንደዚያው በሌላው ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። አውሮፕላኑ የራሱ ወይም በውል አስቀድሞ የተያዘ ሊሆን ይገባል።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ለአፍሪቃ ተልእኮዎች እስከ 75 በመቶ የሚደርስ ወጪ ሊሸፈን እንደሚችል ወሰነ፤ በ2017 ዓ.ም. ግን ለሶማሊያው ተልእኮ ሊሠራበት ሳይቻል ቀረ። የሚከፍል ያዝዛል። በሰው ኪስ የሚሠራ ደራሽ የሚደርሰው ባለኪሱ ሲፈቅድ ነው።

አራተኛ፣ ተጠያቂነት። ወታደር ከአገር ከመውጣቱ በፊት ምክንያቱ በሕዝብ ተወካዮች ፊት ይነገር፤ ከወጣም በኋላ የሞቱትና የቆሰሉት ቁጥር በየዓመቱ ይታወቅ፤ ቤተሰቦቻቸውም በወረዳ ደጃፍ ሳይንገላቱ መብታቸውን ያግኙ።

የተማሪዎች ማኅበራችን ስለዚህ ጉዳይ የክርክር ምሽት እንዲያዘጋጅ፣ የሕግና የታሪክ መምህራንም ተገኝተው እንዲያርሙንና እንዲመሩን አሳስባለሁ። የሚቃወመኝ ካለም በሚቀጥለው እትም ይጻፍ፤ ዝምታ ግን መልስ አይደለም። አያቶቻችን በቢቸናና በሞጣ ተራሮች ደራሽ ሲጠብቁ አምስት ዓመት አለፋቸው። ከእነርሱ የወረስነው ትዕግሥት ብቻ መሆን የለበትም። ሌላው እንደዚያ እንዳይጠብቅ የማድረግ ዕዳም አለብን።